ኢንተራፕት ሲጠፋ ሰዓቱን ማስረዘም መፍትሔ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። ከተመረቅሁ ወዲህ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ በሌሊት ኦፐሬተርነት እየሠራሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሲስተሙ የአይቢኤም ሜይንፍሬም (ትልቅ የድርጅት ኮምፒውተር) የሚሠራበት ዜድ ኦኤስ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ኮንሶሉ ላይ ‹አይኦኤስ 071 አይ› የሚል መልእክት ይደረደራል። መጨረሻው ላይ ‹ስታርት ፔንዲንግ› ይላል። ሁልጊዜ አንድ ዲስክ ነው፤ ቁጥሩ 8ኤ3ኤፍ። ሥራዎች ይቆማሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ይቀጥላሉ። አለቃዬ ‹የኤምአይኤቹን ሰዓት 5 ደቂቃ አድርጊው› አለኝ። አደረግሁት፤ መልእክቱ ጠፋ። ሥራዎቹ ግን አሁንም ይዘገያሉ። ያደረግነው ልክ ነው? ካልሆነስ ከየት ጀምሬ ላጣራ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መልእክቱ ሲጠፋ «ተገላገልሁ» ብለሽ አልተኛሽም። ሥራዎቹ አሁንም እንደሚዘገዩ አይተሻል። በጣም ደስ ብሎኛል፤ የዚህ ሙያ ግማሹ ይኸው ነውና።

መልሱን ቀድሜ ልንገርሽ። ያደረጋችሁት ልክ አይደለም። ሰዓቱ ሲረዝም ዲስኩ አልዳነም። ዝም ያለው ጠባቂው፣ ኤምአይኤች፣ ነው። ሌሊት የሚጮኸውን ውሻ አፉን አስሮ እንደ መተኛት ነው። ለውጥ የማድረግ ፈቃድ ያለው ሰው ጋ ተነጋገሪና ዛሬ ማታ ሥራ ስትገቢ ሰዓቱን ወደ ነበረበት መልሱት። ምክንያቱን ከታች በሰፊው እጽፈዋለሁ። ትዕዛዞቹን በአማርኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ኮንሶሉ ላይ በላቲን ፊደል እንደሚገቡ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ኢንተራፕት ምን እንደሆነ በትምህርት ቤት ተምረሻል፤ ግን አንድ ጊዜ በእኛ አገር ዓይን እዪው። ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ላክሽ እንበል። ሹፌሩን «ስትደርስ ደውል» ትይዋለሽ። ከዚያ ስልኩን እያየሽ አትቀመጪም፤ ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ። ሲደርስ ይደውላል። ስልኩ ሲጮህ የያዝሽውን ትተሽ ታነሻለሽ። ኢንተራፕት ያ ጥሪ ነው።

ሜይንፍሬምም ከአይቢኤም ሲስተም 360 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። ፕሮሰሰሩ ዲስክ እስኪነበብ ቆሞ አይጠብቅም። ሥራውን መረጃ ለሚያመላልሰው ክፍል፣ ለቻናሉ፣ ይሰጣል። ቻናሉ ዲስኮቹን ከሚያዘው ሳጥን፣ ከኮንትሮል ዩኒቱ፣ ጋር ይጨርሰዋል። ሲያልቅ «ቻናል ኢንድ፣ ዲቫይስ ኢንድ» የሚል ምልክት ይዞ ይመለሳል። አይኦኤስ የሚባለው የሲስተሙ ክፍል ያንን ምልክት ተቀብሎ ሥራውን ለጠየቀው ፕሮግራም «አልቋል» ይለዋል።

ጥሪው ካልመጣስ? ፕሮግራሙ አያውቅም። እንደ ቁራ መልእክተኛ ተልኮ ቀረ። ኖኅ ቁራውን ልኮ የጠበቀውን ያህል ፕሮግራሙም ሊጠብቅ ይችላል። ሰዓት ይዞ «ይሄማ ቆየ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ኤምአይኤች ነው፤ ሲዘረዘር ሚሲንግ ኢንተራፕት ሃንድለር ይባላል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተወሰነ ጊዜ ይይዛል። ጊዜው ሲያልፍ መልእክት ያወጣል፣ በሎግሬክ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ነገሩን ለማስተካከልም ይሞክራል።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው።

አይሱዙው ዝም ያለው ምናልባት ገና ከማርቆስ ስላልወጣ ነው። ተጭኗል፣ ሹፌሩ ተቀምጧል፣ ግን በሩ ላይ ሌላ መኪና ቆሞ ዘግቶበታል። ወይም ደግሞ ወጥቷል፣ ደጀንን አልፏል፣ ዓባይ በረሃ ከገባ በኋላ ነው ድምፁ የጠፋው። ከቤት ሆነሽ ስትሰሚው ሁለቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ነው። ፍለጋው ግን አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው በሩ ላይ ሄደሽ ማን እንደዘጋ ታያለሽ። ለሁለተኛው ወደ በረሃው ትወርጃለሽ።

«ስታርት ፔንዲንግ» የመጀመሪያው ነው። ሥራው ተልኳል፣ መሣሪያው ግን ገና አልተቀበለውም። «ሚሲንግ ቻናል ኤንድ ዲቫይስ ኢንድ» ሁለተኛው ነው። ሥራው ተጀምሯል፣ መልሱ ነው የቀረው። አይኦኤስ 071 አይ ሁለቱንም በአንድ ቁጥር ነው የሚያወጣቸው። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ ቁጥሩን ብቻ አንብቦ ይደነግጣል። መጨረሻ ላይ ያሉትን ቃላት ነው ማንበብ ያለብሽ።

መልእክቱን ቃል በቃል እንየው። መጀመሪያ የመልእክቱ ቁጥር አለ፤ ከዚያ የመሣሪያው ቁጥር 8ኤ3ኤፍ። ቀጥሎ የቻናል መንገዱ ቁጥር ይመጣል። ያንቺ ላይ እዚያ ቦታ ሁለት ኮከብ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ኮከብ ማለት መንገዱ አልታወቀም ማለት ነው። ስታርት ፔንዲንግ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ሥራው ገና በየትኛውም መንገድ አልሄደማ። ከዚያ የጆቡ ስም ይመጣል።

እዚህ ጋ ቆም በይ። ያ ጆብ ጥፋተኛው አይደለም። ተጎጂው ነው። በሩ የተዘጋበት ሹፌር ስም ነው የተጻፈው፤ በሩን የዘጋው ሰው ስም አይደለም። ይህን ሳያስተውሉ ምስኪኑን ጆብ ካንስል የሚያደርጉ ሰዎች አይቻለሁ። ጆቡ ይሰረዛል፣ ችግሩ ባለበት ይቆማል፣ ቀጣዩ ጆብ ይያዛል። አንዳንዴም የተላከው ሥራ ገና ስላልተመለሰ ካንስሉ ራሱ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ታዲያ ያንቺን በር የዘጋው ማን ነው? ምልክቶቹን ደርድሪያቸው። አንድ ዲስክ ብቻ ነው። ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ራሱ ይፈታል። ቃሉ ስታርት ፔንዲንግ ነው። የተበላሸ ዕቃ ሰዓት ጠብቆ አይበላሽም። ሰዓት የሚጠብቅ ነገር የተያዘለት ፕሮግራም ያለው ሥራ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ወደ ሌላ ሲስተም ነው የሚሄደው። ይህን ዲስክ ካንቺ ሲስተም ጋር የሚጋራ ሌላ ሲስተም አለ፤ በዚያ ሰዓት ዲስኩን «ሪዘርቭ» አድርጎ ይይዘዋል።

ሪዘርቭ ከባድ ቁልፍ ነው። ወፍጮ ቤት ገብቶ ለአንዲት ቁና ጤፍ በሩን ከውስጥ እንደሚቆልፍ ሰው ነው። እሱ የሚፈልገው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ወፍጮዎች ቆመው ያያሉ። ውጭ ያለው ሰልፍ ግን አይገባም። ሪዘርቭም እንዲሁ የዲስኩን ማውጫ ብቻ ለመጠበቅ ተብሎ ዲስኩን በሙሉ ከሌሎች ሲስተሞች ይዘጋዋል። ዲኤፍኤስኤምኤስ ዲኤስኤስ የሚባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም አንድን ዲስክ ሙሉውን ሲገለብጥ ወይም ዲፍራግ ሲያደርግ (የተበታተነውን ቦታ ሲያሰባስብ) «ሲስቪቶክ» በሚባለው ስም ማውጫውን ይይዛል። ዲፍራግ ከሆነ ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ ላይለቀው ይችላል። የሌሊት መጠባበቂያ ቅጂ ወይም ዲፍራግ በዚያ ሰዓት የሚነሣ ከሆነ ታሪኩ ይገጥማል።

ግምት ግን ማስረጃ አይደለም። መልእክቱ ሲመጣ፣ ሥራው ገና ተይዞ ሳለ፣ እነዚህን አድርጊ። ሲለቀቅ ካየሽው ምንም አታገኚም። ስለዚህ ከሰባት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ትዕዛዞቹን ጽፈሽ አዘጋጅተሽ ጠብቂ። ቡና የምታፈዪ ከሆነ ቀደም ብለሽ አፍዪው።

መጀመሪያ «ዲ ጂአርኤስ» ብለሽ በዴቭ 8ኤ3ኤፍን ስጪው። ጂአርኤስ ሲስተሞች የሚጋሩትን ነገር ወረፋ የሚያስከብረው የዜድ ኦኤስ ክፍል ነው፤ ሪዘርቩን ማን እንደጠየቀ፣ በየትኛው ስምና ከየትኛው ሲስተም እንደሆነ ያሳይሻል። በአንድ ጂአርኤስ ሥር ያሉ ሲስተሞች ከሆኑ ማለት ነው። ቀጥሎ ሎጉ ውስጥ «አይኦኤስ 431 አይ» የሚል መልእክት ፈልጊ። ይህ መልእክት ዲስኩ የተያዘው ለየትኛው ማሽን፣ ለየትኛው ኤልፓር (የማሽኑ ክፋይ) እንደሆነ ይናገራል። ካገኘሽው የሌሊትሽ ትልቁ ሥራ አለቀ፤ በሩን የዘጋውን ሰው ስም አገኘሽ። ከዚያ በዚያ ሲስተም ላይ በዚያ ደቂቃ ምን ጆብ ይሮጥ እንደነበር መጠየቅ ብቻ ነው።

ጎን ለጎን «ዲ ኤም» ብለሽ የመሣሪያውን መንገዶች እዪ። ሁሉም ኦንላይን ከሆኑ ጥርጣሬው ወደ ሪዘርቭ ይበልጥ ያዘነብላል። «ዴቭሰርቭ ፓዝስ» የሚባለውም ጥሩ ትዕዛዝ ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፤ ዴቭሰርቭ መሣሪያውን ሄዶ ይነካዋል። ዲስኩ በሌላ ሲስተም ተይዞ ከሆነ እሱም ሊጠብቅ ይችላል። ለዚህ ነው ከጂአርኤስ ጥያቄ በኋላ የማስቀምጠው።

እንደገመትሁት ከሆነ መፍትሔው ምንድን ነው? ቀላሉ የዚያን ሥራ ሰዓት መቀየር ነው። ያንቺ ጆቦች ዲስኩን የማይፈልጉበት ሰዓት ላይ ይሁን። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ሌላው ሪዘርቩን ወደ ኢንኪው፣ ማለትም ወደ ወረፋ ጥያቄ፣ መለወጥ ነው። ጂአርኤስ በዝርዝር የተሰጡትን ስሞች ሪዘርቭ ሳያደርግ በራሱ ወረፋ ያስተናግዳቸዋል። ያኔ በሩ አይቆለፍም፤ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ማን ምን እንደሚፈልግ አውቆ የሚጋጩትን ብቻ ያስጠብቃል።

ይህን ሁለተኛውን ግን አንቺም ሆንሽ አለቃሽ በአንድ ሌሊት አታድርጉት። ዲስኩን ከሚጋሩት ሲስተሞች አንዱ ከጂአርኤሱ ውጭ ከሆነ ያ ሲስተም ወረፋውን አያውቅም። ሪዘርቩ ደግሞ ተነሥቷል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማውጫው ላይ ይጽፋሉ። ዲስኩ ይበላሻል። የዘገየ ጆብ ጠዋት ይጠናቀቃል፤ የተበላሸ ማውጫ ግን ስንት ቀን እንደሚፈጅ አይታወቅም። የሲስተም ፕሮግራመሮቹ ማን ከማን ጋር እንደሚጋራ ቆጥረው፣ በሁሉም ሲስተም ላይ አንድ ዓይነት ዝርዝር አድርገው የሚሠሩት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ጉዳይ ልመለስ። ለዲስክ ሲስተሙ ራሱ ይዞት የሚነሣው የኤምአይኤች ጊዜ 15 ሰከንድ ነው። ለቴፕ 3 ደቂቃ ነው። «15 ሰከንድማ አጭር ነው» ትይ ይሆናል። አይደለም። ጤነኛ ዲስክ መረጃው ካሽ (ፈጣን ጊዜያዊ ማኅደር) ውስጥ ካለ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው የሚመልሰው። 15 ሰከንድ 15,000 ሚሊሰከንድ ነው። አምስት ደቂቃ ደግሞ 300,000። ለዚያ ዲስክ አምስት ደቂቃ ማለት ዕድሜ ልክ ነው።

ዘመናዊ ዲስኮች የራሳቸውን ጊዜ ለሲስተሙ ይነግሩታል። ኦንላይን ሲሆኑ «እኔን 30 ሰከንድ ጠብቀኝ» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉበት ምክንያት አላቸው። ኮንትሮል ዩኒቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ራሱን እስኪያክም ጊዜ ይፈልጋል። በመሐል ሲስተሙ ተቻኩሎ «ተወው፣ እንደገና ጀምር» ካለው ሕክምናውን ያደናቅፈዋል። ስለዚህ ጊዜውን ከልክ በላይ ማሳጠርም ጥፋት ነው። በአጭሩ ሠሪው ያለውን መተው ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ለዲስክ በፓርምሊቡ (የሲስተሙ መቼቶች በሚጻፉበት ፋይል) ላይ 15 ሰከንድ ብለሽ ብትጽፊ፣ ይህ ቁጥር ከሲስተሙ መነሻ ጋር እኩል ስለሆነ ዲስኩ የነገረው ጊዜ አይሻርም። ሌላ ቁጥር ከጻፍሽ ግን ያንቺ ይጸናል፤ የዲስኩ ቃል ይወድቃል። አለቃሽ ያስገባሽ 5 ደቂቃ እንዲህ ነው የዲስኩን ቃል የሻረው። «ዲ አይኦኤስ» ብለሽ ኤምአይኤችን ስትጠይቂ አሁን የሚሠራበትን ጊዜ ያሳይሻል። በ«ሴትአይኦኤስ» የተቀየረ ነገር ሲስተሙ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። ከዚያ አይኢሲአይኦኤስ በሚባለው የፓርምሊብ አባል ያለው ይመለሳል። እናንተ የቀየራችሁትን የት እንደጻፋችሁት አላውቅም። ካልጻፋችሁት አሁኑኑ ጻፉት፤ ነገ የሚመጣው ኦፐሬተር ይህን ዲስክ ለብቻው ማን እንዳዘገየው አያውቅም።

ጊዜውን ዜሮ ማድረግ ደግሞ ጭራሽ ጥበቃውን ማንሣት ነው። ለዲስክ አታድርጉት።

ሰዓት ማስረዘም ምን እንደሚያደርግ እኔ በደንብ የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ከዓመታት በፊት ውጭ አገር በአንድ የገንዘብ ተቋም እሠራ ነበር። ሌሊት ሌሊት «ሚሲንግ ቻናል ኤንድ ዲቫይስ ኢንድ» ይመጣል። ዛሬ አንዱ ዲስክ ላይ፣ ነገ ሌላው ላይ። እንደ ያንቺ አንድ ቦታ አይረጋም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሰዓቱን 4 ደቂቃ አድርጎት ነበር። ስለዚህ በሌሊት ሁለት ወይም ሦስት መልእክት ብቻ ነው የምናየው። ሁለት ሦስት መልእክት ማን ይቆጥራል? ማንም። ሥራዎቹ ግን አራት አራት ደቂቃ እየቆሙ ጠዋት ላይ ሪፖርት ይዘገይ ነበር።

አንድ ሌሊት ሰዓቱን ወደ ቦታው መለስነው። መልእክቱ ጎረፈ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየን። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርሁ፤ ሰዓት፣ መሣሪያ፣ መንገድ። መሣሪያዎቹ የተለያዩ ነበሩ። መንገዱ ግን፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ቁጥር። ከመሐል መሐል «አይኦኤስ 051 አይ» የሚል የጊዜ ማለፍ መልእክት ነበረ፤ እሱም ያንኑ መንገድ ነው የሚጠራው። መንገዶቹን በትዕዛዝ ስንጠይቅ ሁሉም «ደህና ነኝ» ይላሉ። አየሽ፣ እየተቆራረጠ የሚሠራ መንገድ ሲጠይቁት ሁልጊዜ ደህና ነው።

ያንን አንድ መንገድ ኦፍላይን አደረግነው። ሌሎቹ መንገዶች ሥራውን ያዙት፤ መልእክቱ ጸጥ አለ። ይህ ሰዓት በማስረዘም ከሚመጣው ጸጥታ ይለያል፤ ሥራዎቹም በጊዜያቸው አለቁ። ከዚያ ወደ ማሽን ክፍሉ ወረድን። የወለሉን ንጣፍ በመምጠጫ እጀታው አነሣነው። ቢጫው የፋይበር ገመድ ሥር ላይ ነበር። የንጣፉ እግር ጫፉን ረግጦት ነበር። ገመዱ በዚያ ቦታ ላይ እንደ ታጠፈ ወረቀት ሹል ሆኗል። ገመዱን ነቅለን ጫፉን በማጉያ ስናየው ደግሞ መሐል ላይ የጣት ቅባት ነበረ። የዚያ ዓይነት ፋይበር ብርሃኑ የሚሄድበት መሐሉ 9 ማይክሮን ያህል ነው፤ ከሰው ፀጉር ብዙ ጊዜ ይቀጥናል። የጣት ቅባት ለእሱ እንደ ግንብ ነው። ገመዱ ተቀየረ፣ ሌላኛው ጫፍ ተጠረገ፣ መንገዱ ተመለሰ። መልእክቱ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ምናልባት አንድ ቀን ማሽን ክፍል ከገባሽ፣ የፋይበር ጫፍ በባዶ ዓይንሽ አትዪ፤ ብርሃኑ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።

ለካ ሰዓቱ ሲረዝም የጠፋው መልእክት ብቻ አልነበረም። የሚደጋገመው ነገርም ተሰውሮ ነበር። ሃያ መልእክት ቢመጣ መንገዱ አንድ መሆኑ በአንድ ሌሊት ይታያል። ሁለት ሲመጣ አይታይም።

ስለዚህ ክትትሉን እንዲህ አድርጊው። እያንዳንዱን የኤምአይኤች መልእክት መዝግቢ። ሰዓት፣ መሣሪያ፣ መንገድ፣ የመጨረሻዎቹ ቃላት፣ የተጎዳው ጆብ። ኤክሴል ይሁን ደብተር ለእኔ ግድ የለኝም። ከዚያ ምን እንደሚደጋገም እዪ። አንድ መሣሪያ ሁልጊዜ በስታርት ፔንዲንግ ከተደጋገመ ሪዘርቭ ወይም መጨናነቅ ነው። የተለያዩ መሣሪያዎች በአንድ መንገድ ከተደጋገሙ ገመድ፣ ስዊች ወይም ቻናል ነው። የአንድ ኮንትሮል ዩኒት መሣሪያዎች በሁሉም መንገድ በአንድ ደቂቃ ዝም ካሉ ያ ሳጥን ራሱ ታሟል፤ ያኔ አትመራመሪ፣ ደውዪ። «አይኦኤስ 076» መጥቶ «ክሊር ሰብቻናል» የሚል ቃል ካየሽም እንዲሁ። ሲስተሙ የቀረውን ሥራ ሰርዞ ለማጽዳት ሞክሮ፣ ለጽዳቱም መልስ አላገኘም ማለት ነው።

ከኮንሶሉ ላይ ብቻ አትመዝግቢ። ማርቆስ ላይ መብራት ሲሄድ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ምን እንደሚሆን አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ግንኙነቱ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ያለው የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው። ሲስሎጉን (የሲስተሙን የመልእክት መዝገብ) ከተቋረጠበት ደቂቃ ጀምሮ አንብቢ። ሎግሬክ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ የኤምአይኤች ክስተት መዝገብ አለው። ኢሬፕ የሚባለው ፕሮግራም ያንን መዝገብ በመሣሪያና በመንገድ ሰብስቦ ያወጣልሻል። እኔ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ምንም ችግር ባይኖርም፣ አወጣው ነበር።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ ማስጠንቀቅ ያለብኝ አንድ ነገር አለ። ያንቺ ሰባት ሰዓት ተኩል ሌሊት በፈረንጅ አቆጣጠር 01፡30 ነው። በግሪንዊች ሰዓት ግን 22፡30 ነው፤ ያውም ያለፈው ቀን። ሲስተሙ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ፣ ሪፖርቱስ በየትኛው እንደሚያወጣ አጣሪ። ቀኑም ብዙ ቦታ በወርና በቀን አይጻፍም፤ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ነው የሚጻፈው። ከአንድ አገርሽ ልጅ ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ የተለያዩ ሌሊቶችን ሎግ እያነበብን «አይገጥምም» ስንባባል አድረናል። ሠንጠረዥሽ ላይ የሲስተሙን ሰዓት ብቻ ጻፊ። የእኛን አቆጣጠር ለራስሽ በጎን ያዢው።

አርኤምኤፍ የሚባለውን የአፈጻጸም መለኪያ የሚያዩ ሰዎች ካሉ የዚያን ዲስክ የዲቫይስ ሪፖርት ጠይቂያቸው። አራት የጊዜ ክፍሎች አሉት። «ፔንድ» የሚለውን እዪ፤ ሥራው ተልኮ መሣሪያው እስኪቀበለው የጠበቀው ጊዜ ነው። የስታርት ፔንዲንግ ታናሽ ወንድም በዪው። ኤምአይኤች የሚጮኸው 15 ወይም 30 ሰከንድ ሲያልፍ ነው። ፔንድ ግን ከዚያ በፊት፣ ሚሊሰከንዶች ሲጨምሩ፣ ይናገራል። በሰባት ሰዓት ተኩል ፔንድ ከፍ ብሎ በስምንት ሰዓት ከወረደ ማስረጃሽ ተሟላ።

ለዲስክ «አይኦ ታይሚንግ» የሚባል ሌላ ሰዓት አለ። እሱ ሥራው ወረፋ ላይ ከገባበት ጀምሮ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ጊዜው ሲያልፍ ሥራውን እንዲያቋርጥ ወይም ወደ ተባዛው ዲስክ እንዲያዞር ሊደረግ ይችላል። ጠቃሚ ነው፤ አሁን ግን አትንኩት። መጀመሪያ በሩን የዘጋው ይታወቅ።

አለቃሽን በተመለከተ፣ «ተሳስተሃል» ብለሽ አትጀምሪ። ታላቅን በሰው ፊት ማሳጣት በእኛ አገር ደግ አይደለም፤ አያስፈልግምም። ሠንጠረዡን ይዘሽ ሂጂ። «ጋሼ፣ በአሥር ሌሊት ውስጥ ሁሉም ስታርት ፔንዲንግ ነው፤ ሁሉም 8ኤ3ኤፍ ላይ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ነው፤ ሪዘርቩን የያዘው ይህ ሲስተም ነው» በይው። ወረቀቱን ያየ ሰው ሰዓቱን ራሱ ይመልሰዋል።

ዛሬ ሌሊት በፊት የነበረውን ጊዜ መልሱና ጂአርኤሱን በሰዓቱ ጠይቂ። የሚመልስልሽ የሲስተም ስምና የጆብ ስም ላይ ተመሥርተን ሰዓት መቀየር ይበቃል ወይስ ወደ ኢንኪው መሄድ ያስፈልጋል የሚለውን አብረን እናያለን። በጂአርኤስ ምንም ካልታየሽና አይኦኤስ 431 አይ ግን ሌላ ማሽን ከጠራ፣ ያ ማሽን ከጂአርኤሱ ውጭ ነው ማለት ነው። ያኔ ምንም ሳትነኪ መጀመሪያ ያንን ንገሪኝ።